ሙጫው እስኪደርቅ

«እጅሽን!» አለ አባቷ።

ሙጫ እጇን ሰበሰበች፤ ስለቱ ወረደ። ወፍራሙ መጽሐፍ አንዴ ብቻ ቀጭ አለና ጀርባው ከነክሩ ከነሽፋኑ ተገንጥሎ መሬት ላይ ወደቀ። ከጠዋት ጀምሮ የተቆረጡት ጀርባዎች እግራቸው ሥር ተከምረዋል፤ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ርዕሱ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበትም።

አባቷ የተለቀቁትን ወረቀቶች አሰባስቦ ጫፋቸውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«እዪ፣ አንዲት ፊደል አልነካሁም» አለ። ይህን የሚለው በእያንዳንዱ መጽሐፍ ነው። ሙጫም በእያንዳንዱ መጽሐፍ «ጎበዝ» ትለዋለች፤ ሌላ ምን ትበል?

አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። የዚህን ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰፋ፣ ሲያጣብቅ፣ ሽፋን ሲያለብስ ኖሯል። አሁን ዳይሬክተሩ «ቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ይሁን፣ መጻሕፍቱም ታብሌት ውስጥ ይግቡ» ብለው ወሰኑ። መጽሐፍ በስካነር ውስጥ ቶሎ ቶሎ እንዲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ ጀርባው መቆረጥ አለበት። ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ምት የሚቆርጥ ማሽን ያለው ማን ነው? ጠራዡ። ማሽኑን ትምህርት ቤት ድረስ አምጥቶ የሰፋውን እንዲቆርጥ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቷ ወሬውን የሰማች ዕለት «ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋኸውን፣ በገዛ እጅህ?» ብላው ነበር።

«እኔ ካልቆረጥኩት ሌላው በመጋዝ ነው የሚገዘግዘው። እኔ እንኳን ክሩ የት እንደሚያልፍ አውቃለሁ» አላት። ከዚያ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሙጫ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አምስተኛ ክፍል እያለች አንድ ልጅ ደብተሯን አሽትቶ «ይቺ ልጅ ሙጫ ሙጫ ትሸታለች» አለ፤ በቃ፣ በዚያው ስም ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ በእውነተኛ ስሟ ቢጠሯት ዞራ የምታይ አይመስላትም።

አባቷ ቀጣዩን መጽሐፍ አነሳ፤ ግን ከስለቱ ሥር አላስገባውም። ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ፣ ማዕዘኖቹ የተበሉ መጽሐፍ ነው።

«ይሄን ሦስት ጊዜ ጠርዤዋለሁ» አለ። «የሰዓት ሠሪው ታሪክ ነው። ሰውየው ልጁ ትጠፋበታለች። ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ የሰው ሰዓት እየጠገነ ይፈልጋታል።»

«አገኛት?»

«እኔ ምን አውቄ! የእኔ ንባብ ሙጫው እስኪደርቅ ነው።»

እውነቱን ነው። አንዱን መጽሐፍ ሰፍቶ፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ መጭመቂያው ውስጥ ያስገባዋል። ያ እስኪደርቅ ተራውን የሚጠብቀውን ሌላ መጽሐፍ ከመሃሉ ይገልጥና ያነባል። ሙጫው ሲደርቅ ይከድነዋል። ነገ ደግሞ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል። በዚህ ሁኔታ በእጁ ያለፈው መጽሐፍ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ዳር ያደረሰው ግን አንድም የለም። በኋላ ደግሞ ዓይኑ ደከመ። የመርፌውን ቀዳዳ በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል፤ የመጽሐፍ ፊደል ግን ጉንዳን ሆኖበታል።

«ታብሌቱ ላይ እኮ ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል» አለችው ሙጫ። «ከፈለግክ እንደ አውራ ጣትህ ታደርገዋለህ።»

«ሂጂ እዚያ!»

«እውነቴን ነው።»

አባቷ መጽሐፉን በመዳፉ መዘነው። ፊቱ ላይ የልጅነት ነገር መጣ። «እንግዲያው ይሄን ከሁሉ አስቀድሚልኝ» አለና ከስለቱ ሥር አስገባው። «እጅሽን!»

የተቆረጠው ወረቀት ወደ ጎረቤት ክፍል ይሄዳል። እዚያ ስካነሩ ላይ የተቀመጠችው የሙጫ የልብ ጓደኛ ቻርጀር ናት። ስልኳ ሁልጊዜ ባትሪ ይጨርሳል፤ «ቻርጀር ያለው?» እያለች ክፍሉን በሙሉ ስታስጨንቅ ነው ስሙን ያተረፈችው። የእሷ ሥራ ወረቀቱን ለማሽኑ ማጉረስና ቅጹ ላይ «አንስቻለሁ» በሚለው ሥር መፈረም ነው። የሙጫ ሥራ ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ፣ ቅጹ ላይ «ሁሉም ገጽ መኖሩን አይቻለሁ» በሚለው ሥር መፈረም። እሷ የፈረመችበት መጽሐፍ ወረቀቱ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጆንያው ካርቶን ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያ ተፈጭቶ የእንቁላል መያዣ ይሆናል። በመጽሐፉና በእንቁላሉ መካከል የቆመችው እንግዲህ ሙጫ ብቻ ነበረች። ይህን ግን ያኔ አላሰበችውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ከአሥረኛዎቹ ጋር የኳስ ግጥሚያ ነበረው።

«ሠላሳ አንድ መጽሐፍ!» አለች ቻርጀር ክምሩን ስታይ። «ይሄ እስኪያልቅ ኳሱም ያልቃል፣ እኛም እናረጃለን። አቦ፣ መጽሐፍ ሲባል እንዴት ፋራ ነገር ነው!»

ማሽኑን ነካ ነካ አደረገችው። ጠዋቱን ሙሉ ሲያቃስት የዋለው ስካነር በአንዴ ወረቀቱን እንደ ውሃ ያወርደው ጀመር።

«ምን አደረግሽው?» አለች ሙጫ።

«አፈጠንኩት። ነቄ በይ እንጂ!»

ሙጫ ስለ ስካነር ብዙ አታውቅም፤ ታውቃለች ብላ ተወቻት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ አንዱም አለቀ። ገጾቹን አንድ በአንድ ማየት ግን ገና ነበር፤ ከሜዳው ደግሞ ጩኸቱ መሰማት ጀምሯል።

«የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ እዪ» አለች ቻርጀር በር ላይ ቆማ። «ገጽ አንድ ካለ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ካለ፣ መሃሉ የት ይሄዳል? እግር የለው!»

ሙጫ ሳቀች። የሰዓት ሠሪውን መጽሐፍ ከፈተች። የመጀመሪያው ገጽ አለ። የመጨረሻውም አለ። ፈረመች። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ፈረመች። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስትደርስ ፊርማዋ ከጭረት አይሻልም ነበር። ከዚያ ተያይዘው ላሽ አሉ። ክፍላቸው ሁለት ለባዶ ተሸነፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አርብ ጠዋት፣ ዳይሬክተሩ ተማሪውን በሰልፍ አቁመው ንግግር አደረጉ። «ከእንግዲህ መጽሐፍ ተቀደደ የለም! ጠፋ የለም! አንዲት ገጽ ሳትጎድል ሁሉም በእጃችሁ ገብቷል!» አሉና የስካን ቡድኑን አባላት እየጠሩ አንዳንድ ታብሌት ሸለሙ። ቻርጀር ስሟ ሲጠራ መጀመሪያ ደነገጠች፤ በሰልፍ ላይ ተጠርታ የምታውቀው ለቅጣት ብቻ ነው። ከዚያ ጭብጨባው ሲመጣ ፊቷ ቀስ ብሎ ፈካ። ሙጫ ያን ፊት አይታ ለጓደኛዋ ደስ አላት። በኋላ ያስቸገራትም ይኸው ፊት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ገጠመ፤ ሙጫ ታብሌቱን አስቀመጠችለት። የሰዓት ሠሪውን መጽሐፍ ከፍታ ፊደሉን በሁለት ጣቷ ለጠጠችው።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ወይ ጉድ! ይሄማ ከመንገድ ማዶ ይነበባል!»

«እንዲህ እያደረግክ ትገፋዋለህ።»

«ተዪ ተዪ፣ ገብቶኛል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ግን ዓይን ላለቀበት ሰው ምሕረት ነው።» ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። እናቷ ጥግ ላይ ልብስ እየተኮሰች «ዛሬስ ጣውንት መጣችብኝ» አለች። እሱ አልሰማትም። ሙጫ የዚያን ቀን ጠዋት ያለችበት ደስታ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። አባቷ መጽሐፍ ዳር ሊያደርስ ነው፤ ያውም እሷ ባመጣችው ታብሌት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከንፈሩ ቆመ። ወደ ኋላ ገፋ፤ እንደገና ወደ ፊት። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ሰውየው ባቡር ላይ ነበር» አለ። «አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። መቼ ታመመ?»

«አልፈኸው ይሆናል።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። ምሳ ሊቀርብ ሲል ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ግድግዳውን ያይ ነበር።

«እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል» አለ በዝግታ። «ግን አይያያዝልኝም። አንዱ ከአንዱ አይያያዝልኝም።»

የእናቷ ካውያ ቆመ። ሦስቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነው። የአባቷ ታላቅ ወንድም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ የሬዲዮ ወሬ አልያያዝ አለው። መጨረሻ ላይ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ «የማን ቤት ነው?» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቅ ነበር።

ሙጫ ታብሌቱን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ፊደሉን አሳነሰችና ገጹን ከነቁጥሩ አየችው። ገጽ አንድ። ገፋችው። ገጽ ሦስት። ገጽ አምስት። ገጽ ሰባት።

ክው አለች። ሌላ መጽሐፍ ከፈተች፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ሌላ ከፈተች፤ ያው ነው። ማሽኑ የእያንዳንዱን ወረቀት ፊት ብቻ አንስቶ ጀርባውን ትቶታል። ቻርጀር ያፈጠነችው እንዲህ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለ አባቷ ከሳሎን።

«ምንም» አለች ሙጫ። ወጥታ ፊቱን አየች፤ ፊርማዋ ታያት፤ የቻርጀር ፊት ታያት። «ምንም አልሆነ። ምናልባት ደክሞህ ይሆናል።»

ይቺ ቃል ሳታስባት ነው ከአፏ ያመለጠችው። አባቷ ግን አንገቱን ነቀነቀ፤ «ይሆናል» አለ፣ አመናት። ካመናት በኋላ ቃሏን መመለስ በጣም ከባድ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ቻርጀርን ከአዳራሹ ኋላ ጎትታ ወሰደቻት።

«በአንድ ጎን ብቻ ነው ያደረግሽው! ጀርባው የለም! የሠላሳ አንዱም መጽሐፍ ጀርባ የለም!»

ቻርጀር መጀመሪያ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ዓይኗ መቅበዝበዝ ጀመረ። «ወረቀቱ እየተነከሰ አስቸገረኝ። በአንድ ጎን ሲሆን ይፈጥናል። ከዚያ ገልብጬ ሁለተኛ ዙር ላሳልፈው አስቤ ነበር፤ ረሳሁት።»

ሙጫ አላመነቻትም። ግን መከራከር አልፈለገችም፤ የዕቃ ቤቱ በር በግማሽ ተከፍቷል፣ በውስጡ ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን ጆንያ ነካችው። ወረቀት ነው። አልሄደም።

«እዚሁ አለ!» አለች። «ዛሬ ብንናገር ሁሉም ይስተካከላል። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ሙጭዬ፣ በሞቴ።» ቻርጀር እጇን ያዘቻት። «እናቴ ታብሌቱን ሳሎን አስቀምጣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ‹ልጄ ተሸለመች› እያለች። እኔ ለእሷ ልንገራት፤ ከዚያ ራሴ ለዳይሬክተሩ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ።»

«አባቴ አእምሮውን የሳተ መስሎታል እኮ!»

«አንድ ቀን ምን ይሆናል?»

ሙጫ አንድ ቀን ሰጠቻት። ማክሰኞ ቻርጀር አመመኝ ብላ ቀረች። ረቡዕ መጣችና «ነገ» አለች። ሙጫ ራሷ ለምን አልሄደችም? ፊርማው የእሷ ነው። ቻርጀርን እየጠበቀች ያለች ትመስል ነበር እንጂ ውስጥ ውስጡን «ነገ» መባሉ እሷንም ደስ ይላት ነበር፤ ይህን ስታውቅ ራሷን ጠላች።

ቤት ውስጥ አባቷ ከሥራ ሲመለስ ታብሌቱን ይከፍታል። አንድ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል «ባቡር። ሆስፒታል። ቀይ ጃንጥላ» ብሎ ጽፎ በመካከላቸው መስመር ያሰምራል። ጃንጥላው ከየት እንደመጣ ሊገባው አልቻለም። አንድ ምሽት ከመቶ ወደ ኋላ ሲቆጥር ሰማችው፤ ድምፁን ቀንሶ ነው፣ እንዳይሰሙት። ሌላ ቀን ደግሞ እየበሉ ድንገት ቀና ብሎ የልደቷን ቀን ነገራት።

«ልክ ነኝ አይደል?» አለ።

«ልክ ነህ አባዬ።»

ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የጭነት መኪናው መጣ። በክፍሉ መስኮት ይታያል። ሁለት ሰዎች ጆንያዎቹን እየተቀባበሉ ይወረውራሉ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ማዕዘን እየሣሉ ነው። ሙጫ እጇን ብታወጣ፣ «መምህር፣ አንድ ጊዜ ልውጣ» ብትል፣ ሮጣ ብትደርስ ገና ግማሹ አልተጫነም ነበር። እጇን ጠረጴዛው ላይ አየችው። እጇ አልተነሳም። ከፊት የተቀመጠችው ቻርጀር ወደ መስኮቱ አንዴም አልዞረችም። የመኪናው ሞተር ሲነሳ መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ።

በእረፍት ሰዓት ቻርጀር መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«በቃ፣ አለቀ» አለች። «አሁን ብንናገር የሚመለስ ነገር የለም። ደግሞ እዪ፤ መጻሕፍቱ ታብሌት ላይ ከተጫኑ ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ስንት ተማሪ ነው ያለው? አንድ ሰው ‹ገጽ ጎደለ› ብሏል? አንድ! ያነበበው አባትሽ ብቻ ነው።»

ቻርጀር ለመዋሸት ያለችው ሁሉ ቀሽም ነበር፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው። ሙጫን ከሁሉም የመረራት እሱ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ከትምህርት ስትመለስ አባቷን ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሉ አገኘችው። መርፌዎቹን፣ የክር ጥቅሎቹን፣ ወረቀት የሚያጥፍበትን አጥንት በጨርቅ እየጠቀለለ ነው። ከትምህርት ቤቱ የተመለሰው የመቁረጫው ማሽን ስለት ወርዶ በቁልፍ ተዘግቷል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው» አለ ቀና ሳይል። «ከሌላ ትምህርት ቤት ሊመጣ የታሰበውን መጽሐፍ ሌላ ሰው ይቁረጠው። ጭንቅላቱን የማያምን ሰው ስለት አይነካም። ዛሬ መጽሐፍ የቆረጥኩ መስሎኝ ነገ የሰው እጅ ብቆርጥስ?»

«አባዬ—»

«ስሚኝ። ወንድሜ ምድጃ ለኩሶ ረስቶ፣ ሳይቃጠል የተረፈው በጎረቤት ነው። እኔ እስኪደርስብኝ አልጠብቅም።» ከኪሱ ትንሽ ቁልፍ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት። «አንቺ ያዢው። ወደፊት ብለምንሽም፣ ብቆጣሽም፣ እንዳትሰጪኝ። እሺ?»

ሙጫ ቁልፉን እንደያዘች ወደ ቤት ሮጠች፤ ታብሌቱን ይዛ ተመለሰች። የሰዓት ሠሪውን መጽሐፍ ከፍታ የገጹን ግርጌ ብቻ አተለቀችው።

«አታንብበው» አለች። «ከታች ያለውን ቁጥር ብቻ ጥራልኝ።»

«ምን ይሠራልሻል?»

«አባዬ፣ ጥራልኝ።»

«አንድ» አለ። ገፋችው። «ሦስት።» ገፋችው። «አምስት። ሰባት። ዘጠ—»

ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት በቁጥር ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ታብሌቱን ከእጇ ወሰደና ራሱ እየገፋ ሄደ፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ዘጠና ዘጠኝ፤ እስከ መጨረሻው። ዘግቶ ሌላ መጽሐፍ ከፈተ። ከዚያም ሌላ።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው። መዳፉን ግንባሩ ላይ ጥሎ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጭንቅላቴ አይደለም!» አለ። ወደ ቤቱ ዞሮ ጮኸ፤ «ሰማሽ ወይ? ጭንቅላቴ አይደለም! መጽሐፉ ነው!»

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ወረቀቱስ?»

«ሐሙስ ሄደ።»

«ስንት መጽሐፍ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

አባቷ ወደ መቁረጫው ማሽን ተመለከተ። «እኔ የቆረጥኳቸው» አለ። «አንዲት ፊደል አልነካሁም እያልኩ።» ወደ እሷ ዞሮ «ማነው አይቻለሁ ብሎ የፈረመው?» አለ።

የቻርጀር ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዴ ብትጠራው ግማሹ ሸክም ይወርድላት ነበር።

«እኔ» አለች።

እንዲጮህባት ጠበቀች። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ሊያስታውስ እንደሚሞክር ሰው ግንባሩን ቋጠረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«አይደለም» አለች። «ያኛው ቅዳሜ። መጀመሪያ ያነበብክ ቀን። ጓዳ ገብቼ አየሁት።»

አባቷ አልቆጠረም፤ መቁጠር አላስፈለገውም። «ዘጠኝ ቀን» አለ። «መጽሐፉ እሺ። መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል። ዘጠኝ ቀን ግን፣ ልጄ... ዘጠኝ ቀን እዚያ ወንበር ላይ እያየሽኝ...»

አልጨረሰውም። መዳፏን ከፍቶ ቁልፉን ወሰደ፤ በኃይል አይደለም። ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠና የጠቀለለውን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ። ተቀመጪም አላላት፣ ሂጂም አላላት። ሙጫ በሩ ላይ ቆማ ቆማ እግሯ ሲደክማት ሄደች። በዚያ ምሽት በገበታ ላይ «ጨው አቀብዪኝ» አላት፤ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ማክሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ሙጫ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ መጻሕፍቱ የነበሩበት ቦታ ብቻ በቀለሙ ይለያል። ኃላፊዋ አሮጊት ለመሆን ትንሽ የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ብቻቸውን ተቀምጠው ቡና ባይሆንም የሆነ ነገር ከፔርሙስ ይቀዳሉ።

ሙጫ ታብሌቱን ከነገመዱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ የፈረምኩበትን ቅጽ ያሳዩኝ።»

«ምን ያደርግልሻል በጠዋቱ?» እያሉም ቢሆን ፋይሉን አውጥተው ሰጧት።

ቅጹን አገኘችው። ሠላሳ አንድ ረድፍ፣ በየረድፉ የቻርጀርና የእሷ ፊርማ። የሰዓት ሠሪው መጽሐፍ ከሁሉም በላይ ነው፤ አባቷ አስቀድሚልኝ ብሏት ነበራ። እስክሪብቶ አነሳች። ፊርማዋ ላይ መስመር አሰመረችበትና አጠገቡ «አላየሁትም» ብላ ጻፈች። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወረደች።

«አንቺ ልጅ! የመንግሥት ወረቀት ላይ ምን እያደረግሽ ነው?» ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንዴ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ሙጫ በአጭሩ ነገረቻቸው። ከመቀመጫቸው ተነስተው ነበር፤ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ወረቀቱ ሄዷል እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ሪፖርቱም ሄዷል። አሁን ይሄ ምን ይመልሳል?»

«ምንም አይመልስም» አለች ሙጫ። ሦስተኛውን ሰረዘች።

ኃላፊዋ ወረቀቱን አልነጠቋትም።

ስድስተኛው ላይ ስትደርስ በሩ ላይ የሰው ጥላ አየች። ቻርጀር ናት፤ ስልኳን በአንድ እጇ፣ ቻርጀሯን በሌላው ይዛለች። በቅጹ ላይ የሁለቱ ፊርማ ጎን ለጎን መሆኑን ታውቃለች።

«የእኔንም ልትሰርዢው ነው?» አለች። ድምፅዋ ሙድ የሚይዘው የዱሮው ድምፅ አልነበረም።

«የራሴን ብቻ ነው» አለች ሙጫ ቀና ሳትል።

ቻርጀር አልገባችም፤ አልሄደችምም። እዚያው በሩን ተደግፋ ቆመች። ሙጫ አሥራ አምስተኛውን ሰረዘች፤ «አላየሁትም» ብላ ጻፈች። እጇን አመማት። ደወሉ ተደወለ፤ ኮሪደሩ በእግር ድምፅ ተሞላ። ገና አሥራ ስድስት ይቀራት ነበር።

ወረቀቱን ገለበጠችው። የቀሩት በጀርባው በኩል ነበሩ።